መልስ ማስተያየት፦ መስማማት ምን ያህል ማስረጃ ነው?

የሒሳብ ፈተና አልቆ የመልስ መስጫው ወረቀት ሲሰበሰብ ተማሪዎች በየበረንዳውና በየዛፉ ሥር ክብ ሠርተው መልስ ያስተያያሉ። «ሎጋሪዝሟን ምን አልካት?» «ሲ ነው የሞላሁት።» «እኔስ ዲ ነው ያልኩት!» እየተባባሉ አንዱ ሲፈነድቅ የሌላው ፊት ይጨልማል። በደብረ ታቦር ከተማም ሆነ በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ባሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህ የተለመደ ነው፤ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል እንዲሁ። ነገሩ የልጆች ወሬ ይመስላል። በውስጡ ግን ሊቃውንት ለብዙ ዘመን የተከራከሩበት ጥያቄ አለ፦ ሰዎች በአንድ መልስ መስማማታቸው መልሱ እውነት ለመሆኑ ምን ያህል ማስረጃ ይሆናል? ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ወደ ሃይማኖት የሚያደላ ሌላ ጥያቄም አለ፦ አንዴ ባለቀ ነገር ላይ መጸለይና መሳል ትርጉም አለው ወይ?

ማስተያየቱ ሲጀመር ሁለት ነገሮች አልቀዋል። የጥያቄው ትክክለኛ መልስ ጥያቄው ከመውጣቱ በፊትም ያው ነበር፤ ማንም አይለውጠውም። ተፈታኙ የመረጠው መልስም በእርሳስ ጠቁሮ ከእጁ ወጥቷል። በረንዳ ላይ የሚደረገው ክርክር ውጤቱን በግማሽ ነጥብ እንኳ ከፍም ዝቅም አያደርገውም። ተማሪው የሚፈልገው የሆነውን ማወቅ ብቻ ነው። ፍለጋው ግን ከንቱ አይደለም፤ ሰው ስለ ሕመሙ ምንነት ወይም መንገድ ስለ ወጣ ዘመዱ ደኅንነት ሲጠይቅም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሒሳብ ፈተናን ልዩ የሚያደርገው መልሱ አንድ መሆኑና ዘዴውን የሚያውቅ ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ ሊደርስበት መቻሉ ነው። ስለዚህ የመስማማትን ዋጋ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ፈተና ሲሆን ጉጉቱ ቶሎ ይበርዳል። መምህሩ ወረቀቱን አርሞ ይመልሳል፤ ያስቸገረውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይሠራዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግን ወረቀቱ ለተፈታኙ አይመለስም። ተማሪው በመጨረሻ የሚያየው ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት አንድ ቁጥር ነው፤ በየትኛው ጥያቄ እንደተሳሳተ ዕድሜ ልኩን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። ማስተያየቱ የሚጋጋለው ለዚህ ነው። ሌላው ምክንያት የፈተናው ክብደት ነው። በ2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ጥያቄ አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ በመለቀቁ ሙሉ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። የስርቆትና የኩረጃው ነገር ሳይቆም ቀርቶ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እየተወሰዱ መፈተን ጀመሩ። በዚያ ዓመት በአጠቃላይ ውጤት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚወድቁበትን ፈተና የጨረሰ ልጅ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለማወቅ ቢቸኩል አይፈረድበትም።

የአፈታተኑ ለውጥ ማስተያየቱንም ለውጦታል። ቀድሞ መልስ የሚያስተያዩት የአንድ ትምህርት ቤት፣ ብዙ ጊዜም የአንድ ክፍል ልጆች ነበሩ። አሁን ከየወረዳው የመጡ ልጆች በዩኒቨርሲቲ ዶርም አብረው ሰንብተው፣ ማታ ማታ አልጋ ላይ ተቀምጠው ያስተያያሉ። የስማዳው ልጅ ፈጽሞ በማያውቀው መምህር እጅ ከተማረ ልጅ ጋር ይከራከራል። ለውጡ ትንሽ ቢመስልም ለያዝነው ጥያቄ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

በቅድሚያ ግን ማስተያየቱ የሚቆምበት መሬት ራሱ የላላ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። የጥያቄው ቡክሌት ከተሰበሰበ በኋላ የቀረው ማስታወሻ የተፈታኙ ልብ ብቻ ነው። ቡክሌቶቹ ኮዳቸው ሲለያይ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ «አሥራ ሰባተኛው ሲ ነው» ማለት ለጎረቤት ምንም አይነግረውም፤ የሚያዋጣው የጥያቄውን ይዘት አንሥቶ መልሱን በቁጥር መናገር ነው። ከዚህ የባሰው የትዝታ መንሸራተት ነው። ሦስት ጓደኞቹ «መልሷ 3 ናት» ሲሉ የሰማ ልጅ ጥቂት ቆይቶ «እኔም 3 ነው ያልኩት መሰለኝ» ይላል። እየዋሸ አይደለም፤ ትዝታው ወደ ብዙኃኑ ዘንበል ብሎ ነው። ማታ ላይ «ሁላችንም ተስማምተናል» የሚባለው ስምምነት ከፊሉ ፈተናው ላይ የነበረ ሳይሆን በማስተያየቱ ወቅት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል። በውጤቱ ቀን «እኔ እኮ አገኝ ነበር፣ ውጤቴ ተቀይሮብኝ ነው» የሚለው ሙግት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ትዝታው ትክክል ነው እንበልና መስማማቱ ምን ያህል እንደሚመዝን እናስላ። ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ አንድን ጥያቄ በትክክል የመመለስ ዕድላቸው ለየራሳቸው 60 በመቶ ነው። ጥያቄው አራት አማራጮች አሉት። ሁለቱ ሳይተያዩ ሠርተው፣ ሲሳሳቱም ስሕተታቸው በሦስቱ የተሳሳቱ አማራጮች ላይ እኩል የሚበተን ከሆነ፣ አንድ መልስ ይዘው ሲገኙ መልሱ ትክክል የመሆን ዕድሉ 87 በመቶ ያህል ይደርሳል። የሁለቱም መልስ የመጣው በየራሳቸው መንገድ ስለሆነ መስማማታቸው ከ60 ወደ 87 አሳድጎታል። ነገር ግን የሚሳሳት ሁሉ ወደ አንድ አማራጭ የሚሳብ ቢሆን ያው ስምምነት ዕድሉን ወደ 69 በመቶ ብቻ ነው የሚያደርሰው። አንዱ ከሌላው የኮረጀ ከሆነማ ስምምነቱ ምንም አይጨምርም፤ 60 የነበረው 60 ነው። አንድ ወሬ ከአንድ አፍ ወጥቶ በአሥር ሰው ቢነገርም ምስክሩ አንድ መሆኑን የአገር ሽማግሌ ያለ ስሌት ያውቀዋል።

ከሦስቱ ሁኔታዎች የመጀመሪያው እምብዛም አያጋጥምም፤ ሁለተኛው ግን የየዕለት ነው። ምርጫ ያለው ጥያቄ የሚያወጣ ሰው የተሳሳቱትን አማራጮች ከሜዳ አይለቅማቸውም። ተማሪዎች በብዛት የሚሠሩትን ስሕተት ሠርቶ፣ ስሕተቱ የሚያደርስበትን ቁጥር ከአማራጮቹ አንዱ ያደርገዋል። ለምሳሌ ጥያቄው «አንድ ቁጥር 6 ተደምሮበት የድምሩ ካሬ ሩት ሲወሰድ ተመልሶ ራሱን ቁጥሩን ይሰጣል፤ ቁጥሩ የቱ ነው?» ይበል። ተማሪው ሁለቱንም ወገን ካሬ ያደርጋል፣ ኳድራቲክ እኩልታ ያገኛል፣ ይፈታዋል፤ 3 እና ኔጌቲቭ 2 ይወጡለታል። ብዙው እዚህ ላይ ቆሞ «3 እና ኔጌቲቭ 2» የሚለውን ያጠቁራል። ያ አማራጭ የተቀመጠው እሱን እየጠበቀ ነው። ኔጌቲቭ 2 ላይ 6 ሲደመር 4 ነው፤ የ4 ካሬ ሩት ደግሞ 2 እንጂ ኔጌቲቭ 2 አይደለም። ትክክለኛው መልስ 3 ብቻ ነው።

አሁን በረንዳው ላይ አምስት ልጆች «3 እና ኔጌቲቭ 2» ሲሉ አንዲት ልጅ «3 ብቻ» ብትል ምን ይሆናል? አምስቱ የአንድ መምህር ተማሪዎች ከሆኑና መምህሩ መልሱን መልሶ በጥያቄው ውስጥ መሞከርን ካላስለመዳቸው፣ አምስትነታቸው የአንድ ሰው ያህል ነው የሚመዝነው። አምስቱም በአንድ ጉድጓድ ነው የወደቁት። ከሌላ ወረዳ የመጣ፣ በሌላ መምህር የተማረ ልጅ «3 ብቻ» ካለ ግን የሁለቱ መስማማት ከአምስቱ መስማማት ሊበልጥ ይችላል። የዶርሙ ማስተያየት ከትምህርት ቤቱ በረንዳ የሚሻለው በዚህ ነው፤ የተለያየ መንገድ የመጡ ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ መገናኘታቸው የሚናገረው ነገር አለ።

ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ ይህን ጉዳይ በ1785 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስቀምጦታል። ሁለት አማራጭ ባለው ጉዳይ እያንዳንዱ ፈራጅ ከግማሽ በላይ የማወቅ ዕድል ካለውና ፈራጆቹ እርስ በርስ ካልተነካኩ፣ ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የብዙኃኑ ፍርድ ወደ እርግጠኛነት ይጠጋል። የዚህን ሕግ ሁለተኛ ፊት ግን ሰው ይረሳዋል፦ የእያንዳንዱ ዕድል ከግማሽ በታች ከሆነ ቁጥር በበዛ መጠን ብዙኃኑ ወደ ስሕተት ይጠጋሉ። አራት አማራጭ ሲኖር ገደቡ ግማሽ አይደለም፤ ትክክለኛው አማራጭ ከየትኛውም የተሳሳተ አማራጭ የበለጠ ሰው ከሳበ ይበቃል። ታዲያ ቀላሉ ጥያቄ ላይ ብዙኃኑን ማመን ያዋጣል፤ ወጥመድ ባለበት ከባድ ጥያቄ ላይ ደግሞ ብዙኃኑ የተሰበሰቡበትን መልስ መጠርጠር ያዋጣል። ክፋቱ፣ ተማሪው ማስተያየት የሚፈልገው ከባዶቹን ጥያቄዎች ነው። ቀላሉንማ ማን ያነሣዋል?

ቁጥር ሲያጠራጥር ተማሪ ወደ ጎበዙ ልጅ ዞር ይላል። የክፍሉ አንደኛ ከፈተና አዳራሽ ሲወጣ ክቡ ወደ እሱ ይሳባል፤ እሱ «3 ነው» ሲል ሙግቱ ያበቃል። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ አብዛኛው የሰው እውቀት ከሌላ ሰው አፍ የተቀበለው ነው። ጎበዙን መስማትና ጎበዙ የሠራበትን መንገድ መስማት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያው ተማሪው የሚያገኘው ወሬ ነው፤ በሁለተኛው ማስረጃ ያገኛል። የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ የሚያነሣው ነጥብ እዚህ ላይ ይገጥማል። ሐተታው ጸሐፊው ከደብረ ታቦር በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው እንፍራንዝ ይኖር እንደነበር ይናገራል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበጌምድር የኖረው ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ካለ ወዲህ የደራሲነቱ ክርክር አልተዘጋም። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ስለታም ነው፦ ግብጻዊው የኔ ሃይማኖት ቀናች ይላል፣ ፈረንጁም እንዲሁ፤ ሁሉም ተከራካሪ ከሆነ ዳኛው ማን ይሆናል? ሰዎች ከአባቶቻቸውና ከመምህሮቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ ስለሚይዙ የወገን ብዛት ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሐተታው ዳኝነቱን ለእያንዳንዱ ሰው ልቡና ይሰጣል። በሃይማኖት ጉዳይ ይህ ዳኛ ይበቃል ወይ የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ ለኳድራቲክ እኩልታ ግን ይበቃል።

በዚሁ አገር ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት የቆየው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ለጥያቄው የራሱ መልስ አለው፤ ያውም አንድ ሳይሆን የተለያየ። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። በደቡብ ጎንደር ያለችው ዙር አምባም የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት በመሆን ትታወቃለች። ድጓን በሌላ አገር የተማረ ደቀ መዝሙር ቤተልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር ለመባል ያንሳል። በምስክር ቤቱ የሚደረገው በመሠረቱ ማስተያየት ነው፦ የተማሪው ዜማ ከቤቱ ዜማ ጋር ይስተያያል፤ ከቤቱ የተለየው ይታረማል። እዚህ ላይ መስማማት የትክክለኛነት ምልክት ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛነቱ ራሱ ነው። የቤተልሔም ዜማ ትክክል የሚባለው ቤተልሔም ስለምትለው ነው፤ ከእሷ ውጭ «ትክክለኛው የቤተልሔም ዜማ» የሚባል የለም። ቅኔ ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ቅኔ ይዘው ቢመጡ መምህሩ ተስማሙ ብሎ አያመሰግናቸውም፤ ከሁለቱ አንዱን ሌባ ይለዋል።

ሦስተኛው የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚሰላበት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ለሒሳብ ፈተና የሚቀርበውም ይኸው ነው። በትውፊቱ ስሌቱ ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ በራእይ ተገለጠለት ይባላል። የተገለጠ ቢሆንም ተማሪው እንዲያምነው ብቻ አይጠየቅም፤ ያሰላዋል፣ ያሰላውንም ይፈትሻል። የ2018 ዓ.ምን እንውሰድ። 5500 ተደምሮበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱ ለዘመኑ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በጥንተ አበቅቴው በ11 ተባዝቶ 132፣ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12 ይሆናል። በጥንተ መጥቅዑ በ19 ተባዝቶ 228፣ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ስሌቱ ተሳስቷል፤ 12 እና 18 ደግሞ 30 ናቸው። ተማሪው ጎረቤቱን መጠየቅ፣ ወደ ምስክር ቤት መሄድም አላስፈለገውም። መጥቅዑ የሚውልበት መስከረም 18 እሑድ ስለሆነ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች፣ ፋሲካም ሚያዝያ 4 እሑድ ይውላል።

የዚህ ፍተሻ ጉልበቱ ይታያል፤ ድክመቱም መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን አይነገርም። አንዱን መቀነስ የረሳ ተማሪ ወንበሩን 13 ብሎ ይይዛል። አበቅቴው 143 በ30 ተገድፎ 23፣ መጥቅዑ 247 በ30 ተገድፎ 7 ይሆናል፤ ድምራቸው አሁንም 30 ነው! 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሆኑ በየትኛውም ወንበር ቢባዙ ድምሩ ለ30 ይካፈላል። ፍተሻው የሚይዘው ከወንበሩ በኋላ የተሠራን ስሕተት ነው፤ ወንበሩ ላይ የተሠራውን አያይም። ነነዌ ሰኞ መግባቷም አያድንም፤ ተውሳኩ የተደለደለው ከየትኛውም ቀን ተነሥቶ ሰኞ ላይ እንዲያደርስ ነው። ስለዚህ በውስጡ እርስ በርሱ የተስማማ ስሌት ሁሉ እውነት አይደለም። አምስቱ ልጆች እርስ በርሳቸው ሲስማሙ የተሳሳቱት በተዘለለ አንድ እርምጃ እንደሆነ ሁሉ፣ የአንድ ሰው ወረቀትም ከአናቱ በተዘለለ አንድ እርምጃ ተስማምቶ ይሳሳታል። ማስተያየት ዋጋ የሚኖረው ይህን ጊዜ ነው፤ ከጎን ያለው ልጅ «ወንበርህ ስንት ነው?» ብሎ ከመነሻው ከጠየቀ። መጨረሻውን ብቻ የሚያስተያዩ ሁለት ሰዎች ግን ከአንዱ ሰው የሚሻሉበት ነገር ጥቂት ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው፦ ዜማ ሲሆን ምስክሩ ቤቱ ነው፤ ስሌት ሲሆን ምስክሩ መንገዱ ነው። የሒሳብ ፈተና የመልስ ቁልፍ እንኳ እንደ ቤተልሔም ያለ ሥልጣን የለውም። ቁልፉ ላይ «3 እና ኔጌቲቭ 2» ተብሎ ቢጻፍ ማሽኑ «3» ያለችውን ልጅ ይቀጣታል እንጂ ኔጌቲቭ 2 መልስ አይሆንም። ውጤት የሚሰጠው ቁልፉ ነው፤ እውነትን ግን አይሰጥም። ተማሪዎች በብዛት ሁለቱን ያምታታሉ፤ አንዳንድ መምህራንም።

በግምት የጠቆረ መልስ ነገሩን ይበልጥ ያጠራዋል። አራት አማራጭ ባለው ጥያቄ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው ከአራት አንዱን ያገኛል፤ ማሽኑም አውቆ ከመለሰው አይለየውም። አፍላጦን «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ ይህንኑ አንሥቷል፦ ወደ ላሪሳ የሚወስደውን መንገድ በግምት ያገኘ ሰው መንገዱን ከሚያውቀው እኩል ከቦታው ይደርሳል፤ ታዲያ እውቀት ከትክክለኛ ግምት በምን ይበልጣል? የእሱ መልስ ግምት በምክንያት ካልታሰረ አይጸናም የሚል ነው። በረንዳው ይህን በየዓመቱ ያረጋግጣል። በግምት 3 ያለ ልጅ አምስት ሰዎች ሲሞግቱት ልቡ ይከዳዋል፤ ኔጌቲቭ 2ን በእኩልታው ውስጥ ሞክራ 3 ያለችው ልጅ ግን አምሳ ቢሞግቷት አትነቃነቅም። ለሁለቱ የተሰጠው ነጥብ እኩል ነው፤ ያላቸው ነገር ግን እኩል አይደለም።

ፈተናው ገና ሳያልቅ ማስተያየት ይገባል ወይ የሚለው የተግባር ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ነገ ፊዚክስ የሚፈተን ልጅ ዛሬ ማታ ሒሳቡን ቢያስተያይ የሚያተርፈው ጭንቀት ነው፤ የተሳሳተውን ማረም አይችልም፣ ለነገው የሚያስፈልገውን እንቅልፍ ግን ያጣል። እውነትን ማወቅ መልካም መሆኑ ሁሉም ሰዓት ለእሱ እኩል ይመቻል ማለት አይደለም። ጓደኛው የተሳሳተ መሆኑን እያወቀ የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ዝም የሚል ልጅም አልዋሸም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ፈተናው በክረምቱ መግቢያ ተሰጥቶ ውጤቱ የወጣው በአዲሱ ዓመት መባቻ አካባቢ ነው። በመሃል ጾመ ፍልሰታ አለ፤ ነሐሴ 13 ደግሞ ከተማዋ በስሙ የተጠራችበት የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ ነው። በዚህ ጊዜ ለኢየሱስ ወይም ለማርያም ጧፍ፣ ዕጣን ወይም ዣንጥላ አገባለሁ ብሎ የሚሳል ተማሪ፣ ስለ ልጇ የምትሳል እናትም ብርቅ አይደሉም፤ ሙስሊሙም ዱዓ ያደርጋል። ነገር ግን ወረቀቱ ከተሰበሰበ ሰንብቷል። ጥቁሩ በሲ ላይ ከሆነ በሲ ላይ ነው። ታዲያ ተሳዩ የሚለምነው ምን እንዲሆን ነው?

የአይሁድ ሊቃውንት ሚሽና በተባለው የሕግ መጽሐፋቸው በበረኮት ክፍል ጥርት ያለ ፍርድ ሰጥተዋል፦ ስላለፈ ነገር መለመን ከንቱ ጸሎት ነው። ከመንገድ ሲመለስ ከከተማው የጩኸት ድምፅ የሰማ ሰው «ጩኸቱ ከቤቴ እንዳይሆን» ብሎ ቢለምን ልመናው ባዶ ነው፤ የጮኸው ቤት አስቀድሞ ጮኋል። የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስም የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ ከእግዚአብሔር ሁሉን ቻይነት ጋር የሚቆጠር ነገር አይደለም ብሏል፤ እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር ኃይልን አይጠይቅምና። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ማይክል ደሜት ግን በ1964 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የሚሽናውን ፍርድ በሌላ በኩል አየው። ያለፈው ይለወጥ ብሎ መለመንና ያለፈው በዚህ መንገድ ሆኖ ይገኝ ብሎ መለመን አንድ አይደሉም አለ። እግዚአብሔር የሚመጣውን የሚያውቅ ከሆነ ዛሬ የሚቀርበውን ጸሎት በፈተናው ሰዓትም ያውቀው ነበር፤ በዚህም ጸሎት ምክንያት ያን ጊዜ ሊረዳ ይችል ነበር። በኢሳይያስ ምዕራፍ 65 ገና ሳይጠሩት እንደሚመልስ የተነገረውን ቃል የሚያነብ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ይህ አሳብ አይከብደውም።

ከሁለቱ የደሜት ምክንያት ይበልጥ ይረታል፤ ምክንያቱም ጸሎቱ የጠቆረው ቦታ ይዛወር ወይም ኔጌቲቭ 2 መልስ ይሁን አይልም። የሚለው «ያን ሰዓት ረድተኸኝ ይሁን» ነው። ነገር ግን ይህ ጸሎት የሚቆመው ባለማወቅ ላይ ብቻ ነው። «3 እና ኔጌቲቭ 2» ማጥቆሩን በእርግጥ የሚያስታውስና መልሱ 3 ብቻ መሆኑን በማስረጃ ያየ ልጅ በዚያች ጥያቄ ላይ ሊሳል አይችልም፤ ቢሳል የሚሽናው ፍርድ ይደርስበታል። ስለዚህ ማስተያየትና ስለት በአንድ ሜዳ ላይ የሚገፋፉ ናቸው። በማስረጃ ያስተያየ ተማሪ በእያንዳንዱ ጥያቄ የስለቱን ሜዳ ያጠባል። መልስ በመቁጠር ብቻ ያስተያየ ግን ብዙም አያጠበውም፤ ከ60 ወደ 69 በመቶ ከፍ ማለት ለተስፋም ለፍርሃትም ሰፊ ቦታ ይተዋል። አንዳንድ ተማሪዎች «አላስተያይም፣ ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ» የሚሉት በስንፍና ተደርጎ ይቆጠራል። ከተነገረው አንጻር ግን አቋማቸው እርስ በርሱ የማይጣላ ነው፤ ሳያስተያዩ መሳል ይቻላል፣ በማስረጃ አስተያይቶ ማወቅም ይቻላል። የማይቻለው ማስረጃውን አይቶ እንዳላየ ሆኖ መሳል ነው።

ውጤቱ በተለቀቀ ዕለት ሜዳው ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ቁጥሩን ካየ በኋላ ያ ቁጥር ሌላ ሆኖ እንዲገኝ የሚሳል ተማሪ የለም። ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ቅሬታ ነው፤ የሚቀርበውም ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው።